የኤፒዲሚዮሎጂ መሠረታዊ ቃላትና ትክክለኛ አጠቃቀማቸው

መግቢያ

ኤፒዲሚዮሎጂ የሚለው ቃል መነሻው ግሪክኛ ሲሆን “ኤፒ” ላይ፣ “ዴሞስ” ሕዝብ፣ “ሎጎስ” ደግሞ ጥናት የሚል ትርጉም አላቸው። ሙያው በሕዝብ ላይ የሚደርሱ የጤና ችግሮችን ስርጭትና መንስኤ በመመርመር፣ ውጤቱን ለመከላከልና ለመቆጣጠር ሥራ የሚያውል የሳይንስ ዘርፍ ነው። ሐኪሙ በፊቱ የቀረበውን አንድ ሕመምተኛ ሲመረምር፣ ኤፒዲሚዮሎጂ ማኅበረሰቡን በሙሉ ይመረምራል፤ ማን ታመመ? የት? መቼ? ለምን? እያለም ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው የሟቾችን መኖሪያ በካርታ ላይ በማስፈር፣ ብዙዎቹ በብሮድ ስትሪት ከሚገኝ አንድ የውኃ ፓምፕ ይጠቀሙ እንደነበር አሳይቷል። ይህን ያደረገው የበሽታው ተህዋስ በሳይንሱ ዓለም ተቀባይነት ከማግኘቱ ከበርካታ ዓመታት በፊት ነበር።

ላዕልና ታህት

የማናቸውም የኤፒዲሚዮሎጂ መለኪያ መሠረት ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ የታመሙትን ወይም የሞቱትን ቁጥር ሲያመለክት፣ ታህቱ ለበሽታው ተጋላጭ የሆነውን ሕዝብ ያመለክታል። ለምሳሌ ያህል 10,000 ነዋሪ ባለው አንድ ቀበሌ 40 ሰዎች፣ 2,500 ነዋሪ ባለው ሌላ ቀበሌ ደግሞ 25 ሰዎች በኩፍኝ ታመሙ እንበል። ቁጥሩን ብቻ የተመለከተ ባለሙያ የክትባት ቡድኑን አስቀድሞ ወደ መጀመሪያው ቀበሌ ይልካል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ቀበሌ የተያዙት ከ1,000 ሰዎች 4 ሲሆኑ፣ በሁለተኛው ግን 10 ናቸው። ታህቱን መዘንጋት ክትባቱ ይበልጥ ወደሚያስፈልጋቸው ሕፃናት ዘግይቶ እንዲደርስ ያደርጋል።

ኢንሲደንስና ፕሪቫለንስ

ኢንሲደንስ በተወሰነ የጊዜ ገደብ ውስጥ አዲስ የታመሙ ሰዎች መጠን ነው። ፕሪቫለንስ ግን በአንድ ወቅት በሽታው ያለባቸውን ሁሉ፣ አዲሶቹንም ነባሮቹንም ያጠቃልላል። ሁለቱን በኩሬ መመሰል ይቻላል። ወደ ኩሬው የሚገባው ውኃ ኢንሲደንስ ነው፤ በኩሬው ውስጥ ተጠራቅሞ የሚገኘው ፕሪቫለንስ ነው፤ ከኩሬው የሚወጣው ደግሞ የዳኑትና የሞቱት ናቸው።

ልዩነቱን አለመረዳት ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ይመራል። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ሕክምናው የሕሙማንን ዕድሜ ስለሚያራዝም፣ አዲስ የሚያዙት ቢቀንሱም እንኳ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት ሰዎች መጠን ላይቀንስ፣ ሊጨምርም ይችላል። ይህ የሕክምናው ፍሬ እንጂ የመከላከሉ ሥራ ውድቀት ምልክት አይደለም። የመከላከሉን ውጤት ለመመዘን የሚያገለግለው ኢንሲደንስ ነው።

የሞት መጠንና የገዳይነት መጠን

እነዚህ ሁለት መለኪያዎች የሚለያዩት በታህታቸው ነው። የሞት መጠን የሟቾችን ቁጥር ለጠቅላላው ሕዝብ ሲያካፍል፣ የገዳይነት መጠን ለሕሙማኑ ብቻ ያካፍላል። 30,000 ሕዝብ ባለበት ወረዳ 60 ሰዎች በኮሌራ ታመው 3ቱ ቢሞቱ፣ የሞት መጠኑ ከ10,000 ሰዎች 1 ሲሆን፣ የገዳይነት መጠኑ 5 በመቶ ነው። ኮሌራ በወቅቱና በአግባቡ ከታከመ የገዳይነት መጠኑ ከ1 በመቶ በታች መሆን ስለሚገባው፣ 5 በመቶ የሚለው አኃዝ ሕሙማን ዘግይተው መምጣታቸውን፣ ሕክምናው መጓደሉን ወይም ቀለል ያለ ሕመም ያለባቸው አለመመዝገባቸውን ይጠቁማል። የትኛው እንደሆነ ማጣራት የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ነባር በሽታ፣ ወረርሽኝና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ

በአንድ አካባቢ ዘወትር የሚገኝ በሽታ ነባር ይባላል። ከተለመደው መጠን በላይ ሲከሰት ወረርሽኝ፣ በብዙ አገሮችና አህጉሮች ሲዛመት ደግሞ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ይሆናል። ስለዚህ ወረርሽኝን ለማወቅ አስቀድሞ የተለመደውን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። በወባ ረገድ ያለፉት 5 ዓመታት ሳምንታዊ መረጃ ለዚህ ያገለግላል። በማጅራት ገትር ረገድ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት፣ ከ30,000 እስከ 100,000 ሕዝብ ባለበት አካባቢ በሳምንት ከ100,000 ሰዎች 3 ሕሙማን የማስጠንቀቂያ፣ 10 ሕሙማን ደግሞ የወረርሽኝ ደረጃ ናቸው። ፖሊዮን በመሳሰሉ በሽታዎች ግን አንድ ሕመምተኛ መገኘቱ ብቻ አስቸኳይ እርምጃ ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት መለኪያዎች ሁሉ የሚነሡት ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ መዝገብ ነው። ዕድሜ፣ ፆታ፣ መኖሪያ ቀበሌና ሕመሙ የጀመረበት ቀን ካልተመዘገቡ፣ ማን፣ የትና መቼ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ አይገኝም። ሕመምተኛ ባልተገኘበት ሳምንትም “ዜሮ” ብሎ ሪፖርት ማድረግ ይገባል፤ ሪፖርቱ ከቀረ በሽታው አለመኖሩንና ባለሙያው አለመላኩን ለይቶ ማወቅ አይቻልምና።