የሲድኒ የሌሊት ቀቢዎች

አውስትራሊያ የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ያስወጣችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የትምባሆ ኩባንያዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ገንዘቡን ወደ ስፖርት ስፖንሰርነትና ወደ ጎዳና ዳር ቢልቦርድ አዞሩት። ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ ጋዜጣ ይታጠፋል፤ አውራ ጎዳና ላይ የተተከለን ሰሌዳ ግን ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይወድ በግዱ ያየዋል። ታዲያ ማየቱ ግዴታ ከሆነ፣ መልስ መስጠት ለምን ወንጀል ይሆናል? በቢልቦርድ ላይ የሚሳለቁ ተቃዋሚዎች እስከ ዛሬ የሚያነሱት ጥያቄ ይኸው ነው።

በ1979 ሲድኒ ውስጥ ጥቂት ሰዎች የሚረጭ ቀለም ይዘው ሌሊት ሌሊት መውጣት ጀመሩ። ከሥራቸው ሥር «ቡጋ አፕ» ብለው ይፈርማሉ። ሰሌዳውን አይቀዱትም፣ ከላይ እስከ ታች አያጠቁሩትም፤ እንዲያ ቢሆን መንገደኛው «ዱርዬ አበላሸው» ብሎ ያልፋል። እነሱ ከ«ማርልቦሮ» ላይ ጥቂት ፊደል ሸፍነው፣ ጥቂት ጨምረው «ኢትስ ኤ ቦር» ያደርጉታል፤ አሰልቺ ነው እንደ ማለት። የቦታውን ኪራይ፣ ሥዕሉንና መብራቱን የከፈለው ኩባንያው ነው። የቀቢዎቹ ወጪ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ብቻ።

ሁሉም ሥራ ፈት ወጣቶች አልነበሩም። አርተር ቼስተርፊልድ-ኢቫንስ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ፤ በኋላ የኒው ሳውዝ ዌልስ ምክር ቤት አባል እስከ መሆን ደርሰዋል። ሲጋራ ያበላሸውን ሰውነት በሙያው የሚያውቅ ሐኪም «ንብረት አበላሽተሃል» ተብሎ ሲከሰስ፣ ችሎቱ ራሱ ሌላ ቢልቦርድ ይሆናል። ማን ምን እንዳበላሸ ጋዜጠኛ ፊት ይዘረዘራላ!

ከቀለሙ ጎን ለጎን ግን ብዙ የማይወራለት የወረቀት ሥራ ነበር። በኋላ በ«ክሮኮዳይል ዳንዲ» ፊልም ዓለም ያወቀው ፖል ሆጋን በዚያን ጊዜ የዊንፊልድ ሲጋራ ፊት ነበር። ሳይመን ቻፕማን የተባሉ የጤና ተሟጋችና ባልደረቦቻቸው፣ ሰውዬው በልጆች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ስለሆነ ማስታወቂያው የኢንዱስትሪውን የራሱን ደንብ ይጥሳል ብለው አቤት አሉ። አቤቱታቸው ተሰማ፤ ሆጋንም ከማስታወቂያው ወጣ። ቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ1987 ሕግ አውጥታ የትምባሆ ቢልቦርድን ስትከለክል፣ ከትምባሆ በሚሰበሰብ ቀረጥ የስፖርት ስፖንሰርነቱን የሚተካ ተቋምም አቆመች። አገር አቀፉ የክልከላ ሕግ በ1992 ወጣ። ያንን ሕግ ቀለሙ ብቻውን አመጣው የሚል ካለ ያጋንናል። ነገር ግን ሕዝብ የሳቀበትን ማስታወቂያ ተነስቶ በቁም ነገር የሚከላከል ፖለቲከኛ ማግኘት ይከብዳል፤ ለእኔ የቀቢዎቹ ድርሻ እዚህ ላይ ነው።

ሕጉን በተመለከተ ሁለት ነገር ይምታታል። አንዱ የሰሌዳው ባለቤትነት ነው፤ በሰው ሰሌዳ ላይ መቀባት በአብዛኛው አገር ያስቀጣል። ሌላው የንግድ ምልክቱ ነው፤ በራስ ዕቃ ላይ በኩባንያ ስም መቀለድስ? በደቡብ አፍሪካ «ላፍ ኢት ኦፍ» የተባለ ድርጅት የካርሊንግ ብላክ ሌብልን ቢራ ምልክት አዙሮ፣ የጥቁር ጉልበትና የነጭ ጸጸት የሚል ስላቅ በካናቴራ ላይ አትሞ ሸጠ። የቢራው ባለቤት ከሰሰ፣ በታችኞቹ ፍርድ ቤቶችም ረታ። በ2005 ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ፍርዱን ገለበጠው፤ ኩባንያው ቀልዱ ገበያዬን ይጎዳል ካለ ጉዳቱን ማስረዳት አለበት፣ አላስረዳም አለ።

የኩባንያዎች መልስ ሁልጊዜ ክስ አይደለም፤ አንዳንዴ ዝምታ ነው። በኅዳር 2015፣ የፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ ሊከፈት ሲል፣ «ብራንዳሊዝም» የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ከ19 አገሮች የመጡ 82 ሠዓሊዎች የሠሯቸውን 600 ሐሰተኛ ማስታወቂያዎች በከተማዋ የአውቶቡስ ማቆሚያዎች ውስጥ ሰቀለ። የጭስ ልኬት ሲያጭበረብር የተያዘው ቮልስዋገን በአንደኛው ላይ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይቅርታው ግን በመያዙ ነው። ዓለም ሳቀ፣ ፎቶው ዞረ፣ ፖስተሮቹም ተነሱ። እንደ ሲድኒ አንድ ምርት ይዞ አንድ ሕግ የሚጠይቅ ሰው ከኋላ ከሌለ፣ ቀልዱ ከሳምንት በላይ ዕድሜ የለውም።

በአንጻሩ ያለ አንዳች ስላቅ የወረዱም አሉ። በእኛ አገር የቢራ ቢልቦርዶችን ከጎዳና ያነሳቸው የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስትና ከቢልቦርድ የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው።

አሁን ደግሞ ብዙው ሰሌዳ ወደ ስክሪን እየተቀየረ ነው፤ ማስታወቂያው በየሴኮንዱ ሲፈራረቅ አንድ ፊደል ለይቶ መቀባት አይቻልም። በእንግሊዟ ብሪስቶል ነዋሪዎች ሌላ መንገድ ይዘዋል፦ ኩባንያ ለአዲስ ስክሪን የግንባታ ፈቃድ ሲጠይቅ ተሰባስበው ለከተማው ምክር ቤት የተቃውሞ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ብርሃኑ መኝታ ክፍላችን ይገባል፣ ሾፌር ያዘናጋል፣ መብራት ይፈጃል ይላሉ። ቀልድ የሚባል ነገር የለበትም፤ ውድቅ የተደረጉ ማመልከቻዎች ግን አሉ።