ከድንኳን ስር የሚነጠፈው ላስቲክ

በአሶሳ ዙሪያ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ድንኳኑን ከመዘርጋቱ በፊት መሬቱን በመዳፉ መዳሰስ ይለምዳል። ሣሩ ከሩቅ ሲታይ ምንጣፍ ይመስላል፤ ቀረብ ሲሉ ግን በበጋው እሳት የተቃጠለው ረጅም ሣር ጉቶው እንደ መርፌ ቆሞ ይገኛል። ሽመል የተቆረጠበት ቦታ ከሆነ የባሰ ነው። የቆላው ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው ማለት ይቻላል። በገጀራ ሰያፍ ተመትቶ የቀረው ጉቶ የጫማ ሶል ይበሳል። በጀርባ ተሸክመነው የምንሄደው ድንኳን ወለሉ ደግሞ ከጃንጥላ ጨርቅ ብዙም የማይወፍር ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገባውን ነገር ነው ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት። በሌላው ዓለም በየድንኳኑ ልክ ተሰፍቶ ይሸጣል። እኛ ገበያ ገብተን የምንጠይቀው ላስቲክ ወይም ሸራ ነው። ላስቲኩ በሜትር የሚቆረጠው፣ ለግንባታና ለእህል ማስጫ የሚውለው ስስ ፕላስቲክ ነው። ሸራው ከፕላስቲክ ክር ተሸምኖ ሁለቱም ፊቱ የተለበጠ፣ የጭነት መኪና የሚለብሰው ዓይነት ነው። ሸራው ጉቶ ይችላል፣ ለትከሻ ግን ይከብዳል። ላስቲኩ ይቀላል፤ አንዴ ከተበሳ ግን ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ለእግረኛ ወፈር ያለውን ላስቲክ እመርጣለሁ፤ ሲያልቅ በትንሽ ገንዘብ ይተካል፣ ድንኳን ግን እንዲህ በቀላሉ አይተካም።

ብዙ ሰው ይህ ላስቲክ ውሃ ለመከልከል የሚነጠፍ ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ውሃውን የሚከለክለው ግን የድንኳኑ የራሱ ወለል ነው። አምራቾች ጨርቁን የሚፈትኑት ውሃ ላዩ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር ቁመት እስኪደርስ ሳያሾልክ እንደሚችል በመለካት ነው፤ 1,500፣ 3,000፣ 5,000 እያሉ የሚጽፉት ቁጥር ይህ ነው። የደህና ድንኳን ወለል ጠርዙ እንደ ገንዳ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ከጎን የሚመጣ ውሃም ቶሎ አይገባበትም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ታዲያ ወለሉ እስካልተበሳ ድረስ ነው። አንዲት የጉቶ ቀዳዳ ካለችበት ሰው በተንበረከከ ቁጥር እርጥበቱ በእሷ በኩል ይመጣል። የላስቲኩ ሥራ እንግዲህ ወለሉን ከጉቶ፣ ከጠጠርና ከመፋተግ መጠበቅ ነው።

ይህን የተማርኩት በአንድ የሐምሌ ሌሊት ነው። ከጓደኛዬ ጋር ከባምባሲ ወዲያ አንድ እርሻ ዳር አድረን ነበር። ላስቲኩን ከድንኳኑ አስፍተን፣ በየአቅጣጫው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲተርፍ አድርገን አንጥፈነዋል፤ በዛ ሲል ይሻላል ብለን። ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ ጀርባዬ ስር ያለው ወለል እንደ ውሃ ፍራሽ መዋለል ጀመረ። ጠዋት የእርሻው ጥበቃ ሽማግሌ መጥተው አንዴ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ውሃውን የጠራው እኮ ላስቲኩ ነው። ጫፉን ከስሩ አጥፋችሁ ደብቁት» አሉን።

ሒሳቡን በኋላ ቤቴ ሆኜ ሠራሁት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። ድንኳኑ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር ቢሆን፣ ዙሪያውን የተረፈው የላስቲክ ጠርዝ 0.74 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአንድ ሌሊት 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጠርዙ ብቻ ወደ 15 ሊትር ይቀበላል። በድንኳኑ ጣራ ላይ የወረደው 60 ሊትርም ተንሸራቶ የሚንጠባጠበው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። ባዶ መሬት ቢሆን የአሶሳ ቀይ አፈር አብዛኛውን ይመጠው ነበር፤ ላስቲክ ላይ ያረፈ ውሃ ግን መሄጃው በላስቲኩና በወለሉ መካከል ነው፤ እኛም የተኛነው እዚያ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላስቲኬን ከድንኳኑ በየጎኑ በአራት ጣት አሳንሼ ነው የምቆርጠው።

ሁለተኛው የአካባቢው ጉዳይ ምስጥ ነው። ከአሶሳ በየትኛውም አቅጣጫ ሲወጡ ቀዩን ኩይሳ ሳያዩ አይሄዱም። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር አይወድም፤ ጨለማና እርጥበት ያለበትን ፈልጎ አፈር እየለሰነ ይሄዳል። ላስቲክ ስር ደግሞ ሁለቱም አሉ። ፕላስቲክ ምግቡ አይደለም፤ ወደ ምግቡ ሲያልፍ ግን ስሱን ይበሳዋል። ምግቡ ጥጥ፣ ካርቶን፣ ሰሌን፣ ደረቅ ሣር ነው። መሬቱ እንዲለሰልስ ብሎ ላስቲክ ስር ሣር የሚጎዘጉዝ ሰው ሳያውቀው ገበታ እያቀረበለት ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ለሚያድር ይህ አያሳስብም። ሦስት ቀን አንድ ቦታ የሚቆይ ግን ጠዋት ጠዋት ላስቲኩን ገልቦ ፀሐይ ላይ ያስጣው። እኔ አንዴ በሦስተኛው ቀን ስገልበው፣ ከስሩ ጣት የሚያህሉ ቀያይ የአፈር መስመሮች እንደ ወንዝ ካርታ ተዘርግተው፣ አንደኛው ልክ ካርቶን ያስቀመጥኩበት ጥግ ድረስ ደርሶ ነበር።

ለአንድ ሌሊት ሳይሆን ለወራት ድንኳን ውስጥ ለሚኖር ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ አሶሳም ይህን በቅርብ ታውቀዋለች። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ የተከፈተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው፣ የባምባሲው በ2012። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በኩርሙክ በኩል ተሻግሮ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚያድለው ሸራ 4 ሜትር በ5 ሜትር ሲሆን ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ሸራ ብቻ የደረሳት እናት ከላይ ታድርገው ከታች? ያለማመንታት ከላይ እላለሁ። ከላይ የመጣ ዝናብ ልብሱንም እህሉንም ልጁንም ያረጥባል፤ ከታች ለሚመጣው ግን ሸራ ባይኖርም ዘዴ አለ። ወለሉን አፈር ደልድሎ ከዙሪያው መሬት ከፍ ማድረግ፣ ውሃ በሚወርድበት በኩል ቦይ መቆፈር፣ ከተቻለም ከመሬት ከፍ ብሎ መተኛት። ሱዳኖች አንገሬብ የሚሉት በገመድ የተሠራ ባለ እግር አልጋ ለዚህ ከብዙ ላስቲክ ይበልጣል፤ እግሩን ምስጥ እንዳይወጣበት ማየት ብቻ ነው።

ወደ መንገደኛው ልመለስና፣ ላስቲኩን ልያዝ ወይስ ልተወው የሚለውን እኔ የምወስነው በወሩና በመሬቱ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ሣሩ ተቃጥሎ ጉቶው በቀረበት ጊዜ፣ ሳልይዝ አልወጣም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ሣሩ ለስልሶ መሬቱ በረጠበበት፣ ድንኳኑም አዲስ ከሆነ፣ ከስር ማንጠፉን ትቼ ውስጥ አነጥፈዋለሁ፤ እዚያ ሲሆን ጭቃ ጫማና እርጥብ ቦርሳ ይቀበላል፣ ቢያሾልክም በላዩ እተኛለሁ። ወለሉ ያረጀ ድንኳን ከሆነ ግን በየትኛውም ወር ከስሩ አይለየውም።

ሌላው የሚረሳው ነገር የላስቲኩ ፊት ነው። አንዱ ፊት ጉቶና ጭቃ ላይ ስለዋለ በጠጠር ተሞልቷል፤ ማታ በጥድፊያ ገልብጦ ያነጠፈው ሰው ያንን ጠጠር ከድንኳኑ ወለል ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሲያፋትግ ያድራል። እኔ በአንደኛው ጥግ ላይ በማይለቅ ቀለም «ታች» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ በባትሪ ብርሃን መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ጥግ ነው።