ሌላው ዓለም በእግር ሲደረስ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. እናቱ ሲሞቱበት ለቀብር ወጪ እጅ አጠረውና በአንድ ሳምንት ምሽቶች አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ሸጠ። ታሪኩ የኢትዮጵያ ነው። ራሴላስ የተባለ ልዑል ዙሪያውን ተራራ ባጠረው፣ አንዳች ነገር በማይጎድልበት ሸለቆ ውስጥ ያድግና ምቾቱ ራሱ ይሰለቸዋል። ኢምላክ ከሚባል ገጣሚ ጋር ሆኖ ተራራውን ከውስጥ ይፈለፍልና እህቱን አስከትሎ ይወጣል፤ ካይሮም ይደርሳል።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። ያነበበው ግን ነበር፤ ገና በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። ሎቦ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎጃምን የረገጠ ሰው ነው። የዓባይን ምንጭ አየሁ ይላል፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ደግሞ በዓለቱና በሚወርደው ውኃ መካከል ገብቼ ተቀመጥሁ ብሎ ጽፏል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ነገር ብሎ አጣጣለው። ማንኛቸውም ይርቱ፣ ለአውሮፓ አንባቢ ጎጃም ከፏፏቴ ጀርባ የሚገባበት ሌላ ዓለም ሆኖ ቆይቷል።

ዛሬ የወጣቶች ምናባዊ ልብ ወለድ በሚባለው ዘርፍ ይህ አወጣጥና አገባብ ዋና መለያ ሆኗል። አንድ ታዳጊ ካለበት ኑሮ ጋር አይጣጣምም፤ በር ያገኛል፤ በሩን አልፎ ሌላ ሕግ ወደሚሠራበት አገር ይገባል፤ ሲመለስ ያው ልጅ አይሆንም። በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመችው የሉዊስ ካሮል አሊስ በጥንቸል ጉድጓድ ትወርዳለች። ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰባት መጻሕፍት የወጣው የሲ ኤስ ሉዊስ ናርኒያ በልብስ ቁም ሣጥን ይገባል። ሃያሲዋ ፋራ ሜንድልሶን በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ለእንዲህ ዓይነቶቹ «በበር የሚገባባቸው» ታሪኮች ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥታለች። በአፍሪካም ዘርፉ ሥር እየሰደደ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የትውልደ ናይጄሪያዊቷ የንኔዲ ኦኮራፎር ልብ ወለድ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከጎረቤቶቿ ዓይን ወደተሰወረ የአስማተኞች ማኅበረሰብ ስትገባ ያሳያል።

በአማርኛስ? ጉዳዩ የሚጀምረው ከልብ ወለድ በፊት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ ብቻ ሲሆን ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አውሮፓ ሙሉውን አያውቀውም ነበር። ሄኖክ በመላእክት እየተመራ ከምድር ዳርቻ ይደርሳል፤ የነፋሳትን መዝገብ፣ የሚነድዱ ተራሮችን፣ የከዋክብትን እስር ቤት ያያል። በየደረጃው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልአኩም ይመልስለታል። እንግዳውን አገር ለገቢውም ለአንባቢውም አብሮ የሚገልጥ መሪ፣ ዛሬ ብዙ የዘርፉ ደራስያን የሚጠቀሙበት ብልሃት ነው። ለአማኙ ሄኖክ ልብ ወለድ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ብፁዓን ተሰውረው ይኖሩበታል ስለሚባለው ስለ ብሔረ ብፁዓን የሚነገረውም እንዲሁ። የአገሬው አንባቢ ግን ከሚታየው ዓለም አጠገብ የማይታይ አገር አለ የሚለውን ሐሳብ ለመቀበል የእንግሊዝ ቁም ሣጥን አላስፈለገውም ለማለት ይቻላል።

ከዚህም በላይ በምሥራቅ ጎጃም ልጅ ሆኖ ከቤት መውጣት ራሱ ሥርዓት ነበር። የቆሎ ተማሪ ከአሥር ዓመት እምብዛም ሳይዘል፣ አንዳንዴም ወላጆቹን ሳይሰናበት ጠፍቶ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ይነሣል። ከአማኑኤል ወይም ከሞጣ የተነሣ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ ስሙን ብቻ ወደሰማው ደብር ይሄዳል። እዚያ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፦ ቀን በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከውሻ ጋር እየታገለ ይለምናል፤ ማታ በሣር ጎጆ ውስጥ ቅኔ ይቆጥራል። አእምሮ ይከፍታል የሚባለው አብሾ፣ ጠልሰም የሚስል ደብተራ፣ በጫካው ውስጥ አሉ የሚባሉ ስውራን፦ ለዘርፉ ደራሲ የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በእጁ ላይ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የቆሎ ተማሪ ዓለም የወጡት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በቢቸና በኩል ባለው ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። በ1948 ዓ.ም. ያወጡት ተረት ተረት የመሠረት ለልጅ የሚነገረውን ተረት ወደ መጽሐፍ አምጥቶታል። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው ፍቅር እስከ መቃብር ግን በእውነታዊነቱ ነው የሚወደሰው፤ ማንም ምናባዊ ልብ ወለድ አይለውም። ቢሆንም አጽሙ ሲታይ የዘርፉን ሕግ ያሟላል። ዋና ገጸ ባሕርዩ በዛብህ የስለት ልጅ ነው፤ ገና ሳይወለድ ዕጣው ተቆርጧል። ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ ይደርሳል፤ በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ በር ሲያልፍ የሚገባው የደሃ ገበሬ ልጅ ሕግ ወደማይሠራበት አገር ነው። ጉዱ ካሣም የዚያን አገር ሥርዓት ገልጦ የሚያሳይ መሪ ይሆናል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ቤተ ሰብ ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ያዳመጠው በከፊል ለዚህ ይመስላል።

የቀደሙትም ቢሆኑ በጉዞ ነው የጀመሩት። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ፣ ማለትም ጦቢያ፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ወጣት ልጅ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ዛሬ ወጣቶች በሚያነቡት መጽሐፍ ላይ ብትገኝ ማንንም አታስገርምም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. በወዳጄ ልቤ የጆን ቡንያንን ምሳሌያዊ ጉዞ ፈለግ ተከተሉ፤ በ1925 ዓ.ም. ባወጡት አዲስ ዓለም ደግሞ አወቀ የተባለውን ወጣት ፓሪስ ልከው አስተምረው መለሱት። አወቀ እንግዳ የሚሆነው በፓሪስ ሳይሆን በገዛ መንደሩ፣ በአባቱ ተዝካር ላይ ነው። ይህ የመልስ ጉዞ ብዙ የዘርፉ ደራስያን በሁለት ገጽ የሚያልፉት ጉዳይ ነው፤ ኅሩይ ግን መጽሐፉን ያቆሙት እሱ ላይ ነው።

ከሁሉ ደፋሩ ግን ሌላው የጎጃም ሰው አቤ ጉበኛ ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው አልወለድም በምናብ በተፈጠረ አገር የተቀመጠ ነው፤ ገና በማኅፀን ያለ ፅንስ ከእናቱ ጋር እየተከራከረ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ይላል። ሌሎች ደራስያን ልጁ በሩን እንዲያገኝ ሲለፉ፣ አቤ በሩ ላይ አቁሞ አልገባም አሰኘው። መጽሐፉ መታገዱ አያስገርምም።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ሳሳ። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ የጣና ገዳማትን ከስለላና ከጠፈር ሳይንስ ጋር አሰናስሎ ሲወጣ ወጣቱ ተሻምቶ አነበበው፤ ተከታታይ መጻሕፍትም ወጡለት። ስለ አጻጻፉ የተሰነዘረው ትችት ብዙ ነው፣ ከፊሉም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልብ አንጠልጣይ ምናብ የተጠማ ትውልድ መኖሩን ያሳየውን ያህል ሌላ መጽሐፍ አላሳየም።

ጉድለቱ ያለው መሐል ላይ ነው። ለትንንሾቹ አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት አሠርት ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት ነግረዋል፤ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስም ሲሊ ማሞ የተባለውን የልጆች መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመው አዲስ አበባ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍትን ከፍተዋል። ለአዋቂዎቹ ረጅሙ ልብ ወለድ አለ። የአሥራ አራት ዓመት አንባቢ ግን ከተረት በቀጥታ ወደ ፍቅር እስከ መቃብር ይዘላል። ጎበዙ ይዘልቀዋል፤ ሌላው ስልኩን ያነሣል።

ይህን ክፍተት መሙላት የጀመረው ከመጽሐፍ ይልቅ ሥዕላዊ ታሪክ ነው። በበሥራት ደበበ የተመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. ጀምበርን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ልዕለ ኃያል የሚሆነው ጀግና አማኑኤል ይባላል፤ ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ቀጥሎ በመጣችው ሐዊ ውስጥ ደግሞ በአሜሪካ ያደገች ወጣት ወደ ኢትዮጵያ ትጓዛለች፤ ለእሷ ሌላው ዓለም የወላጆቿ አገር ነው። በውጭ ለተወለዱት ልጆች ይህ በር በየክረምቱ በቦሌ የሚከፈት እውነተኛ በር በመሆኑ፣ ቀጣዩ የአማርኛ የወጣቶች ልብ ወለድ ከእነሱ ቤት ቢነሣ እንግዳ ነገር አይሆንም። ዲማና ሞጣ የሚያድገው ልጅ የሚጽፈውም ይጠበቃል፤ የእሱ ሌላ ዓለም ደብር ይሁን ዩኒቨርሲቲ፣ ወይም ከዓባይ ማዶ ያለ ከተማ፣ የሚነግረን እሱ ነው።