ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም

የተላከላችሁ ቪዲዮ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ከሆነ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ ለማጥፋት አትቸኩሉ። «ኤምፒ4» የመያዣው ስም ብቻ ነው፤ የተከደነ መሶብ አይቶ ውስጡ እንጀራ ይሁን ዳቦ ማወቅ አይቻልም። ምስሉና ድምፁ የታመቁት በየራሳቸው ኮዴክ (የማመቂያና የመፍቻ ዘዴ) ስለሆነ፣ ስልኩ አንዱን ፈትቶ ሌላው ሊያቅተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀውን የምስል ኮዴክ ኤች.264 የማይከፍት ስማርትፎን ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። በ2013 የመጣው ኤች.265 ተመሳሳይ ጥራትን በግማሽ ያህል መጠን ይይዛል፤ አሮጌ ስልኮችን የሚያስቸግረውም እሱ ነው። አዳዲስ አይፎኖች ካልተቀየረባቸው በቀር የሚቀርጹት በዚሁ ነው፤ ላኪው የካሜራውን ፎርማት ቀይሮ እንዲቀርጽ መጠየቅ ይቻላል። ለተቀረጸው ግን እንደ ቪኤልሲ ያለ ማጫወቻ ሞክሩ፤ የራሱን መፍቻ ይዞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ግን የመፍታቱ ሥራ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሚወድቅ ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።