በሬ፣ ትራክተር፣ ደግሞ በሬ

አዳዳ፣ ማለትም የአባቴ እኅት፣ ዕድሜዋን ጫንጮ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ ነው የኖረችው። ገንዘቧን ለመቀነቷና ለአንዲት አሮጌ ሙዳይ እንጂ ለሌላ አታምንም። መስከረም 4 ቀን 2013 አዲሱ ብር ይፋ ሲሆን የሦስት ወር መለወጫ ጊዜ ተሰጠ፤ እሷም ያላትን ሁሉ ወስዳ ለወጠች። ያላትን ሁሉ የመሰላትን ማለቴ ነው። በዓመቱ ለመስቀል ቤት ሲጸዳ ከሙዳዩ ግርጌ በጨርቅ የተቋጠረ 1,160 ብር ወጣ፤ አሥራ አንድ ባለ መቶ፣ አንድ ባለ ሃምሳ፣ አንድ ባለ አሥር።

«እንግዲህ ይኼ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«ከዚህ ወዲያማ ወረቀት ነው፣ አዳዳ።»

«ወረቀት የምትወድ አንተ ነህ። ያዘው!»

የብር ኖት ሰብሳቢ የሆንኩት እንዲህ ነው። ሰብሳቢ ሲባል ብዙ ሰው ጠገራ ብርና የምኒልክ ሳንቲም ይታየዋል። እነሱንም እወዳቸዋለሁ፤ ኪሴ ግን አይችላቸውም። የእኔ ልብ ያረፈው ከአዲሱ ገበያ ጫንጮ ድረስ ለሚኒባስ ረዳት ስንሰጠው በነበረው ተራ ወረቀት ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በእጃችን ሲገላበጥ አይተነው አናውቅም። እስቲ ሳታስቡ መልሱልኝ፦ ከአሮጌው ባለ አሥር ጀርባ ላይ ያለው ሥዕል ምንድን ነው?

ትራክተር ነው። ፊቱ ላይ ሴትዮዋ ስፌት ትሰፋለች፤ ገልብጡት፣ ትራክተር ያርሳል። የአዳዳን ባለ ሃምሳ ደግሞ አጠገቡ አስቀምጡት፤ ፊቱ ላይ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ እያረሰ ነው። ያን ቀን ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አሰልፌ ብዙ ቆየሁ። አገሩ አንድ፣ ባንኩ አንድ፣ በአንድ መቀነት የሚታሰሩ ሁለት ኖቶች፤ አንዱ በትራክተር ያርሳል፣ አንዱ በበሬ። በእኛ በኩል እርሻው የማን እንደሆነ ለማወቅ ከጫንጮ ትንሽ ወጣ ብሎ መመልከት ይበቃል። የጠፋብኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን አንዱን መርጦ ሳለው?

ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ከጣሊያን በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲስ ብር አወጣ። ከዚያ በፊት ገበያው ውስጥ የነበረው እንግሊዞች ይዘውት የገቡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና ጠገራው ነበር። የዚያ ዘመን ኖቶች ሁሉ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል አለባቸው፤ በአንድ ብሩ ላይ ከንጉሡ ጎን ማን እንዳለ ስመለከት ግን ሳቅሁ። በሬ የጠመደ ገበሬ! ባለ አምስቱ ላይ ደግሞ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር አለ።

ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1958፣ ብሔራዊ ባንክ የራሱን ኖቶች ሲያወጣ ገበሬው የለም። የምፅዋ ወደብ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የባንኩ ሕንፃ፣ የቆቃ ግድብ፣ በመቶ ብሩ ላይ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ «ሠልጥነናል፣ ጥንታዊም ነን»። ዛሬ የምፅዋውን ኖት የሚያይ ሰው ሌላም ነገር ያስባል፤ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ነገር አለች። በንጉሡ ዘመን ኖት ላይ አማርኛው «ብር» ሲል እንግሊዝኛው «ዶላር» ይላል። እንግሊዝኛውም «ብር» ያለው በ1969 ነው። የአዳዳ እናት ከመጀመሪያውም ብር እንጂ ዶላር ብላ አታውቅም።

1969 ትልቁ ለውጥ ነው። የንጉሡ ምስል ወጣ፤ በቦታው የደርግ ሊቀ መንበር አልገባም። የገቡት ስም የሌላቸው ሰዎች ናቸው። በአንድ ብሩ ላይ አንድ ልጅ፣ በባለ አምስቱ ቡና የሚለቅም ሰው፣ በባለ አሥሩ ስፌት የምትሰፋ ሴት። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ቢለዋወጥም የመሪ ፊት ኖታችን ላይ ተመልሶ አልመጣም። ጎረቤታችን ኬንያ የኬንያታንና የሞይን ፊት ለዓመታት ስታትም ኖራ፣ የግለሰብ ምስል በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ የከለከለችው በ2010 እንደ ፈረንጆቹ ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ በኩል ቀድመናል። ደርግን የማመሰግንበት ነገር ጥቂት ነው፤ ይህቺን ግን አልነፍገውም።

ትራክተሩም የ1969 ልጅ ነው። ባለ ሃምሳው ላይ ያኔ ተማሪዎች ነበሩ፣ በመቶው ጀርባ ደግሞ ማይክሮስኮፕ የሚያይ ወጣት። ማሽን፣ ትምህርት፣ ሳይንስ፤ የዘመኑ ሕልም ሁሉ ተደርድሯል። ቀጥሎ ኢሕአዴግ መጣ፤ በ1990 ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ እኛም ኖቶቻችንን ቀየርን። ማይክሮስኮፑ ባለበት ቆየ፣ ትራክተሩም ቆየ፤ ከባለ ሃምሳው ግን ተማሪዎቹ ወጥተው በሬዎቹ ገቡ። የመንግሥት ፖሊሲ «ግብርና መር» በሚባልበት ዘመን ገበሬው ወደ ፊት መምጣቱ በአጋጣሚ ነው ብዬ ማመን ይከብደኛል። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ሥዕሉን የመረጠው ሰው ሌላ ምክንያት ኖሮት ይሆናል።

አሁን ወደ አሰባሰቡ። ጀማሪን የሚያሳስተው ዓመቱ ነው። የደርግ ኖት መቼም ይታተም መች የሚጽፈው 1969 ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ የብሔራዊ ባንክ ገዥ የነበሩት አቶ ለይኩን ብርሃኑ የፈረሙበት እንኳ 1969 ይላል። ስለዚህ የሚታየው ፊርማው ነው፤ ገዥው ማን እንደነበር ካወቃችሁ ኖቱ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከ1989ኙ ኅትመት ጀምሮ ግን ሥራው ቀለለ። ኖቱ ሁለት ዓመት አብሮ ይጽፋል፤ 1989 እና 1997፣ ወይም 1998 እና 2006፣ የእኛና የፈረንጅ። በአቶ ተክለወልድ አጥናፉ ፊርማ ብቻ ብዙ የተለያየ ዓመት ያለው ባለ አሥር ማግኘት ይቻላል፤ ሁሉም ትራክተር፣ ሁሉም ስፌት። ባለቤቴ «አንድ ዓይነት ነገር ለምን ትደረድራለህ?» ትለኛለች። ዓመቱን አሳያታለሁ፤ አልተሸነፈችም።

አያያዝ ላይ የምላችሁ አጭር ነው። በካውያ አትተኩሱ፣ ላሚኔት አታድርጉ፣ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ። ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ከፀሐይ አርቃችሁ አስቀምጡ። ሻጭ ዘንድ ዋጋ የሚያወጣው ታጥፎ የማያውቀው ነው። እኔ ግን የአዳዳን ኖቶች በባንክ ትኩስ ኖት አልለውጥም፤ መቶዎቹ እስካሁን ቅቤ ይሸታሉ።

አንድ ብሩን ሳትፈልጉ አትለፉ። ከወረቀት ወደ ባለ ሁለት ቀለም ሳንቲም ከተለወጠ ቆይቷል፤ ንጹሕ ሆኖ ማግኘት የሚከብደውም ሁሉም እጅ ስለዳበሰው ነው። ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ ሞልቶ ይወርዳል፣ ወፎችም አሉ። በ1990ዎቹ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ከተሠራ በኋላ ፏፏቴውን ሄዶ ያየ ሰው ኖቱ ላይ ያለው ውኃ ከእውነተኛው እንደሚበልጥ ይነግራችኋል። ባለ አምስቱ ጀርባ አጋዘንና ደልጋ አንበሳ አሉ፤ የ2013ቱ ለውጥ ባለ አምስቱን ሳይነካው አልፏል።

የ2013ቱ ኖቶች ገና ለዓይኔ አልቆዩም፤ ብዙ ባልል ይሻላል። ለኅትመቱ 3.7 ቢሊዮን ብር እንደወጣ ያኔ ተነግሯል። ባለ አሥሩ ላይ ግመል መጣ፤ ትራክተሩም ስፌቷም ሄዱ። ሁለት መቶ ብሩ ያኔ የተወለደ አዲስ ኖት ነው፣ ርግብ አለበት። መስከረም ላይ ወጣ፤ ጥቅምት 24 የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ። ከእነዚህ ኖቶች ሁሉ ስመለከተው ዝም የሚያሰኘኝ እሱ ነው።

አዳዳ አሁንም ለመስቀል ስሄድ አልበሙን አስይዛ ታስመጣኛለች። ሥዕሉ ግድ አይሰጣትም። በደርግ ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም እንደነበር፣ ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከመቶ እንዳለፈ ስነግራት «የቅቤውን ንገረኝ» ትላለች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን በምራቅ ልታርስ ስትል እጇን እይዛለሁ፤ በፕላስቲኩ ላይ አንድ በአንድ ትቆጥራለች።

«አሥራ አንድ መቶ ስልሳ» ትላለች። «አልጎደለም። ጎሽ!»