እርግዝና፣ ጭንቀትና የአይረን እንክብል

ውድ እህቴ፣ በእርግዝናሽ ወራት ድካምና ስጋት እንቅልፍ ነስቶሻል? ልብሽስ ቶሎ ቶሎ ይመታል? ምናልባት የእምነት ማነስ ሳይሆን የደም ማነስ ይሆናልና አስቀድመሽ ተመርመሪ።

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም አይረንና 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ ይመክራል። አይረኑ የደም ማነስን ይከላከላል። ፎሊክ አሲዱ የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በደንብ እንዲሠሩ ይረዳል፤ ይህ ሥራ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ስለሚከናወን ፎሊክ አሲድን ከማርገዝ በፊት መጀመር ይመረጣል። እንክብሉን ከቡናና ከሻይ አርቀሽ፣ ከብርቱካን ጋር ውሰጂ። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ። ሌላ ቫይታሚን ግን ሐኪም ሳታማክሪ አትጨምሪ፤ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል (1ጢሞ. 5፥23)፤ ስለዚህ መድኃኒት መዋጥ እግዚአብሔርን አለመታመን አይደለም።

ይሁን እንጂ እንክብል ስጋትን አያስወግድም። ማርያም በፀነሰች ጊዜ ወደ ኤልሳቤጥ ሄዳ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀምጣለች (ሉቃስ 1)። አንቺም ሸክሙን ብቻሽን አትያዢው፤ ለባለቤትሽና ለምታምኛት እህት ንገሪ፣ አብራችሁም ጸልዩ። ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ተናገሪ።

ጌታ አንቺንም በማኅፀንሽ ያለውንም ይጠብቅ።