በከባድ ሥራ ጊዜ ጠፍቶ ዳግም የሚነሣ አነስተኛ ኮምፒውተር፦ ምክንያቶቹና የመፍትሔ ቅደም ተከተል

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳም ሆነ በጎፋ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም የሕንፃ ንድፍ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ አነስተኛ ኮምፒውተር አመቺ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ከተስተካከለ፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ከተደረገ፣ በቀላል ሥራ ላይ እክል ሳያሳይ ጫና ሲበዛበት በድንገት ጠፍቶ ሊነሣ ይችላል። በዚህም ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ በመቀመጥ ላይ የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች ለመለዋወጫ ወጪ ከማውጣታቸው በፊት የችግሩን ምንጭ እንዲለዩ ያግዛል።

ችግሩ በጫና ጊዜ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው?

የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር፣ እንዲሁም ከሚሰጠው ቮልቴጅ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። በመሆኑም ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ቢጨመሩ ፍጆታው በ33 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ለምሳሌ በሙሉ ጫና 65 ዋት ይወስድ የነበረ ፕሮሰሰር ወደ 86 ዋት ይደርሳል። አዳፕተሩ 90 ዋት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለራም፣ ለዲስክ፣ ለማራገቢያና በዩኤስቢ ለተሰኩ ዕቃዎች የሚተርፈው ኃይል እጅግ አነስተኛ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያስወግደው ሙቀት ያንሳል። በዝቅተኛ ቦታ አስተማማኝ ሆኖ የተገኘ የፍጥነት ማስተካከያ በዚህ ከተማ ላይሠራ የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በበጋ ወራት በማቀዝቀዣው ላይ የሚከማች አቧራ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል።

ሊከተሏቸው የሚገቡ እርምጃዎች

1. መረጃን ማስቀመጥ፦ ማንኛውም ሙከራ ከመደረጉ በፊት አስፈላጊ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመልሶ ማግኛ ቁልፉን አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የባዮስ ለውጥ ከተደረገ በኋላ ኮምፒውተሩ ሊጠይቅ ይችላል።

2. ወደ መደበኛ ፍጥነት መመለስ፦ ይህ ዋነኛውና ወጪ የማይጠይቀው እርምጃ ነው። ወደ ባዮስ በመግባት የአምራቹን መነሻ ማስተካከያ መመለስ፣ ኤክስኤምፒ የተባለውን የራም ፍጥነት ማሳደጊያም መዝጋት ይገባል። ከዚያም ቀድሞ እክሉን ያስከተለው ሥራ እንደገና ይሞከራል። ችግሩ ከቆመ ምንጩ ከፍጥነት ማስተካከያው ጋር የተያያዘ ነው። ካልቆመ ወደሚቀጥሉት እርምጃዎች መሸጋገር ያስፈልጋል።

3. ምልክቱን መለየት፦ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ በቅጽበት የሚጠፋ ኮምፒውተር በአብዛኛው የኃይል እጥረትን ይጠቁማል። ሰማያዊ ገጽ የሚታይ ከሆነ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን ወይም ድራይቨሩን መጠርጠር ይገባል። ገጹ ሳይነበብ እንዳያልፍ በዊንዶውስ ውስጥ በራስ ሰር ዳግም የማስነሣት ምርጫ ይዘጋል። በክስተት መዝገቡ የሚገኘው «ከርነል ፓወር 41» ኮምፒውተሩ በሥርዓት አለመጥፋቱን ብቻ የሚገልጽ በመሆኑ በራሱ የአዳፕተር ብልሽት ማስረጃ አይደለም።

4. ኃይሉን መፈተሽ፦ በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልትና ዋት አምራቹ ከሚጠይቀው ጋር ይነጻጸራል። ኮምፒውተሩ ከተደራራቢ ማከፋፈያ ተነቅሎ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ተገናኝቶ ይሞከራል። ባትሪው ያረጀ ዩፒኤስም ጫና ሲበዛ ሊያቋርጥ ይችላል። መብራቱ የሚዋዥቅ ከሆነ መደበኛው 220 ቮልት መድረሱን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስለካት ይመከራል። አዳፕተሩን ከፍቶ መጠገን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ ሊሞከር አይገባም።

5. ሙቀቱን መቆጣጠር፦ አብዛኞቹ ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ በቅድሚያ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ መጨመሩን ከቀጠለ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። አቧራውን ማጽዳት፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየርና የአየር መግቢያውን ከግድግዳ ማራቅ ሙቀቱን ይቀንሳል።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዙ

ቀድሞ ኦቨርክሎክ የተደረገ ኮምፒውተር ይህ ሳይነገር ሊሸጥ ይችላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለሆነም ገዢው የፍጥነት ማስተካከያ መደረጉን ሻጩን መጠየቅ፣ አዳፕተሩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከባድ ሥራ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሠርቶ ማየትና ደረሰኝ ይዞ መውጣት ይኖርበታል።

በአጠቃላይ፣ ከፍጥነት ማስተካከያ የሚገኘው ጥቂት ደቂቃ ለሰዓታት የተለፋበትን ሥራ የሚያሳጣ ከሆነ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያነሰ ነው። ኮምፒውተሩ ለመተዳደሪያ ሥራ የሚውል ሲሆን በመደበኛ ፍጥነቱ ማሠራት ተመራጭ ነው።